ምንነቱ ያልታወቀ ፕላስቲክ በኢንፍራሬድ ፍተሻ የሚለይበት መንገድ

የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ከአምራቹ ሲወጣ ስሙና ባሕርዩ የተገለጸበት ሰነድ ይዞ ነው። ነገር ግን መለያው የጠፋ እንክብል፣ ከቆራሌው ተሰብስቦ የተፈጨ ፍርፋሪ፣ ምትክ የሚፈለግለት የተሰበረ የማሽን ክፍል ወይም ሰነዱና ይዘቱ የማይጣጣም ጭነት የሚያጋጥማቸው አምራቾች፣ አስመጪዎችና የመልሶ መጠቀም ማኅበራት ጥቂት አይደሉም። ለእነዚህ ተገልጋዮች ጥያቄው አንድ ነው፦ ይህ ፕላስቲክ ምንድን ነው?

በዓይንና በእጅ መለየት ብዙ ጊዜ አያዋጣም። የውኃ መያዣ ሃይላንድ የሚሠራበት ፔት እና ጥርት ብሎ የተሠራ ፒ.ቪ.ሲ ተፈጭተው ሲቀላቀሉ ልምድ ያለውን ሰው እንኳ ያሳስታሉ። ሁለቱም ከውኃ ስለሚከብዱ ገንዳ ውስጥ ቢጨመሩ አብረው ይሰምጣሉ። የስሕተቱ ዋጋ ግን ከባድ ነው። ፔት የሚቀልጠው ከ250 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሲሆን፣ ፒ.ቪ.ሲ እዚያ ሙቀት ከመድረሱ በፊት መፍረስ ይጀምርና ሃይድሮጅን ክሎራይድ የተባለውን ጋዝ ይለቃል። ጋዙ እርጥበት ሲያገኝ አሲድ ሆኖ የማሽኑን ብረት ይበላል፤ የሠራተኛውን ዓይንና መተንፈሻም ያቃጥላል። የፔቱም ጥራት ይወድቃል።

በዕቃ ታች ላይ በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታተመው ከ1 እስከ 7 ያለው ቁጥር እ.ኤ.አ. በ1988 በአሜሪካ የተጀመረ የመለያ ዘዴ ነው። 1 ፔትን፣ 2 ከፍተኛ እፍግታ ያለውን ፖሊኢትሊን፣ 3 ፒ.ቪ.ሲን፣ 4 ዝቅተኛ እፍግታ ያለውን ፖሊኢትሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊንን፣ 6 ፖሊስታይሪንን ያመለክታል፤ 7 ደግሞ ከእነዚህ ውጭ ያለውን ሁሉ ይይዛል። ቁጥሩ ጠቃሚ ቢሆንም ዕቃው ሲፈጭ አብሮ ይጠፋል፤ በቁጥር 7 ሥር የተመደበ ዕቃም ምን እንደሆነ አይታወቅም። አንዳንዶች ፕላስቲኩን አቃጥለው በነበልባሉ ቀለምና በሽታው ለመለየት ይሞክራሉ። ይህ ለጤና አደገኛ ነው፤ በተለይ ፒ.ቪ.ሲ ሊኖርበት የሚችል ዕቃ በቤት ወይም በዝግ ክፍል ፈጽሞ ሊቃጠል አይገባም።

የፍተሻው መሠረት

ኢንፍራሬድ ከቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለ፣ ዓይን የማያየው ጨረር ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 ዊልያም ሄርሼል የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ የየቀለሙን ሙቀት ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ሲሞቅ በማየቱ ታወቀ።

በፕላስቲክ ውስጥ ያሉ አተሞች እርስ በርስ የተያያዙበት ኬሚካዊ ትስስር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ ይሳባል፣ ይታጠፋል፣ ይርገበገባል። እያንዳንዱ የትስስር ዓይነት የራሱ የርግብግቢት ፍጥነት ስላለው ከጨረሩ ውስጥ ከዚያ ፍጥነት ጋር የሚስማማውን ብቻ ይመጣል። መሣሪያው የትኛው የጨረር ክፍል ምን ያህል እንደተመጠጠ ይመዘግባል፤ የሚገኘውም ሥዕል ስፔክትረም ይባላል። በሥዕሉ ላይ መምጠጥ የታየበት ቦታ ጫፍ ይሆናል። የጫፉ ቦታ የሚገለጸው በሞገድ ቁጥር፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ በሚያርፉ ሞገዶች ብዛት ሲሆን፣ ለፕላስቲክ የሚያገለግለው ከ4000 እስከ 400 ያለው ክልል ነው።

ዛሬ በላቦራቶሪዎች በስፋት የሚሠራበት ኤፍ.ቲ.አይ.አር የተባለው መሣሪያ ነው። ናሙናው በትንሽ አልማዝ ላይ ይቀመጥና በመጫኛ ይጠበቃል፤ ጨረሩ ከአልማዙ ውስጥ ሆኖ የናሙናውን ገጽ ነክቶ ይመለሳል። ንባቡ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፤ ናሙናውም አይጠፋም። እዚህ ላይ ተገልጋዩ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ጨረሩ ወደ ናሙናው የሚገባው እስከ 2 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። የስስ ፌስታል ውፍረት እንኳ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ መሣሪያው የሚያነበው ቆዳውን ነው ማለት ይቻላል፤ ከዚህ በታች የሚዘረዘሩት አብዛኞቹ ችግሮችም ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ስፔክትረሙ እንዴት ይነበባል

ባለሙያው አስቀድሞ የሚመለከተው ከ1800 እስከ 1650 ያለውን ቦታ ነው። ካርቦንና ኦክስጅን በድርብ ትስስር የተያያዙበት ካርቦኒል የተባለው ክፍል እዚህ ላይ ጠንካራ ጫፍ ስለሚሰጥ፣ የጫፉ መኖር ወይም አለመኖር ብቻውን ፕላስቲኮችን በሁለት ይከፍላል።

በዚህ ቦታ ጫፍ ከሌለና ከ2960 እስከ 2840 ባለው ክልል ጠንካራ ጫፎች ከታዩ ናሙናው ምናልባት ፖሊኢትሊን ወይም ፖሊፕሮፒሊን ነው። የፌስታልና የጀሪካን ዋነኛ ጥሬ ዕቃ የሆነው ፖሊኢትሊን ስፔክትረሙ እጅግ ቀላል ነው፤ 2915፣ 2848፣ 1465 እና 720 አካባቢ ካሉት ጫፎች በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የለውም። የእህልና የማዳበሪያ ከረጢት የሚሸመንበት ፖሊፕሮፒሊን ግን 1377 ላይ ጎላ ያለ ጫፍ አለው፤ ከዚያም በታች 1167፣ 997፣ 972 እና 840 ላይ ተከታታይ ጫፎች ያሳያል። የመጣያ ኩባያና የማሸጊያ ፎም የሚሠራበት ፖሊስታይሪን ደግሞ ከ3000 በላይ ባሉት ጫፎቹ፣ በ1601፣ በ1493 እና በ697 ይለያል። የፖሊስታይሪን ጫፎች ቦታ በሚገባ የታወቀና የማይለዋወጥ በመሆኑ ላቦራቶሪዎች የመሣሪያቸውን ትክክለኛነት የሚያረጋግጡት ስስ የፖሊስታይሪን ፊልም በማንበብ ነው።

ካርቦኒል ሲኖር የጫፉ ትክክለኛ ቦታና አጃቢዎቹ ይወስናሉ። ፔት 1715 አካባቢ ጫፍ ሲኖረው 1240፣ 1095 እና 725 አካባቢ ያሉት አብረውት ይመጣሉ። ፖሊካርቦኔት ወደ 1770 ከፍ ይላል። ከሰብል ስታርች ከሚገኝ ላክቲክ አሲድ የሚሠራው ፖሊላክቲክ አሲድ 1750 አካባቢ ይታያል። ናይለን ከሁሉም ይለያል፤ ጫፉ ወደ 1640 ዝቅ ብሎ 1540 ላይ ጓደኛ ያገኛል፤ 3300 አካባቢም ሌላ ጫፍ አለው። እነዚህ ሦስቱ አብረው ሲገኙ ሌላ ነገር ነው ለማለት ያስቸግራል።

ፒ.ቪ.ሲ ካርቦኒል የለውም። መታወቂያው ካርቦንና ክሎሪን በተያያዙበት ትስስር ምክንያት ከ700 እስከ 600 ባለው ክልል የሚታዩት ሰፋ ያሉ ጫፎች ሲሆኑ፣ 1425፣ 1330 እና 1254 አካባቢ ያሉት ያጠናክሩታል።

በንባብ ጊዜ የሌለ ጫፍ ካለው ጫፍ የበለጠ የሚያስረዳበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ጫፍ ከቆሻሻ፣ ከቀለም ወይም ከእርጥበት ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ፔት ነው በተባለ ናሙና ላይ የ1715 ጫፍ ከሌለ ናሙናው ፔት አይደለም።

መሣሪያው ንባቡን በኮምፒውተር ከተከማቹ ስፔክትረሞች ጋር አነጻጽሮ የመመሳሰል ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ለባለሙያው መነሻ እንጂ ውሳኔ አይደለም። «95» የሚል ነጥብ ናሙናው 95 በመቶ ንጹሕ ነው ማለት እንዳልሆነ ተገልጋዮች ሊገነዘቡ ይገባል። የሻማ ሰም እና ፖሊኢትሊን በኬሚካዊ ትስስራቸው አንድ ዓይነት በመሆናቸው ኮምፒውተሩ ሁለቱንም በተቀራራቢ ነጥብ ያቀርባቸዋል፤ በእጅ የነካቸው ሰው ግን አያምታታቸውም። የናሙናው ጥንካሬ፣ ቀለም፣ የተገኘበት ቦታና የነበረው አገልግሎት ከማመልከቻው ጋር ቢገለጽ ውጤቱን የሚያሻሽለው ለዚህ ነው።

ንባብን የሚያሳስቱ ሁኔታዎች

ከሁሉ የሚያስቸግረው ለስላሳ ፒ.ቪ.ሲ ነው። ለገመድ ሽፋን፣ ለጫማ ሶል፣ ለሰው ሠራሽ ቆዳና ለውኃ ጎማ የሚውለው ፒ.ቪ.ሲ እንዲተጣጠፍ ማለስለሻ ይጨመርበታል፤ የማለስለሻው መጠንም ከጠቅላላ ክብደቱ ሲሶ ሊደርስ ይችላል። በስፋት የሚታወቁት ማለስለሻዎች ፍታሌት የሚባሉት ሲሆኑ 1725 አካባቢ ጠንካራ የካርቦኒል ጫፍ አላቸው፤ በአጠገቡም 1600 እና 1580 ላይ መንታ ጫፍ ይታያል። ኮምፒውተሩ ይህንን ሲያገኝ ፖሊኤስተር ወይም ፍታሌት ብሎ ይመልሳል። ፒ.ቪ.ሲው ከሥር ተደብቆ ይቀራል። እንዲህ ያለ ጥርጣሬ ሲኖር ባለሙያው ናሙናውን በማሟሚያ ያጥባል፤ ማለስለሻው ከወጣ በኋላ የቀረውን ፕላስቲክና የወጣውን ፈሳሽ ለየብቻ ያነባል። በዚህም ከአንድ ናሙና ሁለት መልስ ይገኛል፤ የፕላስቲኩም የማለስለሻውም ማንነት ይታወቃል። የሕፃናት መጫወቻ ለሚያስመጡ ነጋዴዎች ሁለተኛው መልስ ከመጀመሪያው ይልቅ ሊያሳስብ ይችላል፤ የተወሰኑ ፍታሌቶች በመጫወቻ ውስጥ በብዙ አገሮች የተገደቡ ናቸውና።

ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን ወይም ሸራም ያሳስታል። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ለረጅም ጊዜ ፀሐይ ሲመታቸው ገጻቸው ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ይዋሐድና 1715 አካባቢ ቀድሞ ያልነበረ ጫፍ ያበቅላሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ገጹ በስለት ተፍቆ አዲሱ የውስጥ ክፍል ይነበባል። ሁለቱ ንባቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡም ዕቃው ምን ያህል እንዳረጀ ይጠቁማሉ።

ፌስታል እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ የሚጨመርበት ማንሸራተቻ ወደ ገጹ እየወጣ ይከማቻል። ይህ ንጥረ ነገር የናይለንን የሚመስሉ ደካማ ጫፎች ስላሉት ንጹሕ የፖሊኢትሊን ፊልም ናይለን የተቀላቀለበት ሊመስል ይችላል። በአልኮል ተጠርጎ ሲነበብ ጫፎቹ ከጠፉ ነገሩ ይገለጻል።

ወጪ ለመቀነስ ወይም ጥንካሬ ለመጨመር የሚገባ የኖራ ዱቄት 1420 አካባቢ ሰፊ ጫፍ፣ 874 ላይ ደግሞ ቀጭን ጫፍ ይሰጣል። ንጹሕ ፖሊፕሮፒሊን ተብሎ በተሸጠ እንክብል ላይ እነዚህ ከታዩ ገዢው የኖራ ዋጋ ሳይሆን የፕላስቲክ ዋጋ እየከፈለ እንደሆነ ይጠቁማሉ። መጠኑን በትክክል ለማወቅ ግን ናሙናው ተቃጥሎ የሚቀረው አመድ ይመዘናል።

በካርቦን የጠቆረ ጎማ በአልማዝ ላይ ሲነበብ የተዛባ ሥዕል ይወጣል፤ ለዚህ ከአልማዝ ይልቅ ጀርማኒየም የተሻለ ነው። የብስኩት፣ የቡናና የወተት ማሸጊያዎች ደግሞ ከተለያዩ ስስ ንብርብሮች የተሠሩ በመሆናቸው የውጭውን ገጽ ብቻ ያነበበ ሰው ስለ ማሸጊያው ያወቀው ጥቂት ነው። ሁለቱም ገጾች ይነበባሉ፤ የመካከለኛው ንብርብር አስፈላጊ ከሆነም ማሸጊያው በጎን ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል።

ከአንድ ፍርፋሪ ወደ ሙሉ ጭነት

ፍተሻው የሚናገረው አልማዙ ላይ ስላረፈችው ፍርፋሪ ብቻ ነው። ብዙ አለመግባባት የሚነሣው ይህ ባለመታወቁ ነው። አንድ ማኅበር ከመቶ ከረጢት መካከል አንድ ፍርፋሪ አንሥቶ ቢያስፈትሽና «ፔት» የሚል ውጤት ቢያገኝ ስለ ቀሪው ጭነት ያወቀው ነገር የለም። በ10,000 ኪሎ ግራም ፔት ውስጥ 1 ኪሎ ግራም ፒ.ቪ.ሲ እንኳ የምርቱን ቀለምና ጥንካሬ ሊያበላሽ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ጥቂት ባዕድ ነገር ፍርፋሪ በፍርፋሪ እያነበቡ ማግኘት አይቻልም።

በመልሶ መጠቀም ኢንዱስትሪ የሚሠራበት መንገድ ሁለት ዘዴዎችን ያጣምራል። ከተለያዩ ከረጢቶች፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች የተወሰደ ናሙና በአንድነት ይደባለቃል። ከዚያም የተወሰነ ክብደት ያለው ፍርፋሪ በትሪ ላይ ተዘርግቶ፣ ጋዙን በሚያስወጣ መሣሪያ ሥር፣ ፔት ከሚቀልጥበት ዝቅ ባለ 220 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ በምድጃ ይቆያል። ፔቱ ብዙም ሳይለወጥ ይቀራል፤ ፒ.ቪ.ሲው ግን ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል። የጠቆሩት ፍርፋሪዎች ተለቅመው ይመዘናሉ። ኢንፍራሬዱ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ በሙቀት የሚጠቁረው ፒ.ቪ.ሲ ብቻ ሳይሆን ናይለንና የመለያ ወረቀት ሙጫም ጭምር ስለሆነ የጠቆረው ሁሉ ፒ.ቪ.ሲ ተብሎ ጭነት ውድቅ ሊደረግ አይገባም። በተለይ ሻጩና ገዢው በዋጋ ላይ ሲከራከሩ የተለቀሙትን ፍርፋሪዎች አንድ በአንድ ማንበብ ክርክሩን ያሳጥራል።

ፍተሻው የማይመልሳቸው ጥያቄዎች

የኢንፍራሬድ ፍተሻ የፕላስቲኩን ቤተሰብ ይናገራል፤ ከአንድ ቤተሰብ ልጆች የትኛው እንደሆነ ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ ያዳግተዋል። ከፍተኛ እፍግታ ያለው ፖሊኢትሊንና ዝቅተኛ እፍግታ ያለው ፖሊኢትሊን ስፔክትረማቸው ተመሳሳይ ነው ቢባል ይቻላል። ይህ ልዩነት ለአስመጪ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በዓለም አቀፉ የጉምሩክ ዕቃዎች አመዳደብ የኢትሊን ፖሊመሮች በአርእስት ቁጥር 3901 ሥር ሲሆኑ፣ እፍግታው ከ0.94 በታች የሆነ ፖሊኢትሊን በ3901.10፣ 0.94 እና ከዚያ በላይ የሆነው ደግሞ በ3901.20 ይመደባል። ስለዚህ «ፖሊኢትሊን» የሚል የኢንፍራሬድ ውጤት ብቻውን ለምደባው አይበቃም፤ የእፍግታ ልኬት አብሮ ሊቀርብ ይገባል። የመቅለጫ ሙቀትም ይረዳል፤ ዝቅተኛው ከ105 እስከ 115፣ ከፍተኛው ከ130 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ይቀልጣል። ናይለን 6 እና ናይለን 66ም በዚሁ መንገድ ይለያያሉ፤ የመጀመሪያው በ220፣ ሁለተኛው በ260 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል።

«ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጥ ፌስታልን በሚመለከት ፍተሻው ግማሽ መልስ ይሰጣል። ፌስታሉ ከፖሊላክቲክ አሲድ ወይም ከመሰል ፖሊኤስተር የተሠራ ከሆነ የካርቦኒል ጫፉ ይታያል፤ የተለመደው ፖሊኢትሊን ከሆነም ይታወቃል። ሆኖም መበስበሱን የሚያረጋግጠው በአፈር ወይም በኮምፖስት ውስጥ ለወራት የሚደረግ ሌላ ምርመራ ነው። እንዲፈራርስ ተብሎ ጥቂት የብረት ጨው የተጨመረበት ፖሊኢትሊን በኢንፍራሬድ ሲታይ ተራ ፖሊኢትሊን ነው።

ለምግብ ደኅንነትም ውጤቱ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ፀረ ተባይ ኬሚካል የተያዘበት ጀሪካን ታጥቦ ቢነበብ «ፖሊኢትሊን» ከሚል መልስ በቀር ሌላ አይገኝም፤ በፕላስቲኩ ውስጥ ሰርጎ የቀረው ኬሚካል ለዚህ መሣሪያ እጅግ ጥቂት ነውና። እንዲህ ያለ ጀሪካን ምንም ዓይነት የፍተሻ ወረቀት ቢቀርብበት ለመጠጥ ውኃ፣ ለዘይትም ሆነ ለጠላ ሊውል አይገባም።

የናሙና አቀራረብና የውጤት ሰነድ

ለንባቡ የጣት ጥፍር የሚያህል ቁራጭ ይበቃል። ነገር ግን እፍግታና የመቅለጫ ሙቀትም ሊለኩ ስለሚችሉ፣ ከፊሉም ለድጋሚ ፍተሻ ስለሚቀመጥ፣ ከዚያ በርከት ያለ ማቅረብ ይመከራል። ናሙናው በውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ በሚገባ ይደርቃል፤ እርጥበት 3400 እና 1640 አካባቢ የራሱን ጫፍ ያመጣል። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ፖሊስታይሪንንና ፖሊካርቦኔትን የመሳሰሉትን ስለሚያበላሽ ለማጽዳት አይውልም። ናሙናው የሚጠቀለለው በአሉሚኒየም ፎይል ወይም በንጹሕ ወረቀት ቢሆን ይመረጣል፤ በፌስታል ሲቀመጥ የፌስታሉ ማንሸራተቻ ወደ ናሙናው ገጽ ይተላለፋል።

ማመልከቻው «ይመርመርልኝ» ከማለት ይልቅ ውጤቱ ለምን እንደሚፈለግ ቢገልጽ ላቦራቶሪው ተገቢውን ዘዴ ይመርጣል። ለጉምሩክ ምደባ፣ ለማቅለጫ ማሽን፣ ለውል ክርክርና ለምትክ ዕቃ የሚሰጠው መልስ ስፋቱም ወጪውም ይለያያል።

የውጤት ሰነዱ የስፔክትረሙን ሥዕል ከማነጻጸሪያው ስፔክትረም ጋር፣ ውሳኔው የተመሠረተባቸውን ጫፎች፣ የንባቡን ዘዴና ናሙናው ከየትኛው ገጽ እንደተወሰደ ሊይዝ ይገባል። የፕላስቲኩን ስምና የመመሳሰል ነጥብ ብቻ የያዘ ወረቀት በክርክር ጊዜ ብዙ አያግዝም። ላቦራቶሪዎች ብቃታቸው የሚመዘንበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይ.ኤስ.ኦ/አይ.ኢ.ሲ 17025 ሲሆን፣ ዕውቅናው የሚሰጠው ለላቦራቶሪው በጅምላ ሳይሆን ለተዘረዘሩ የፍተሻ ዓይነቶች ነው። ስለዚህ ውጤቱን በሕግ ወይም በውል ጉዳይ ለማቅረብ የሚፈልግ ተገልጋይ የፕላስቲክ መለየት ፍተሻ በዕውቅናው ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ናሙናውን ከማስረከቡ በፊት ሊጠይቅ ይችላል። የንባቡን የቁጥር ፋይል አብሮ መውሰድም ጠቃሚ ነው፤ ሌላ ላቦራቶሪ ፍተሻውን ሳይደግም በራሱ ማነጻጸሪያ ሊያየው ይችላል።